ስለ ልብ ምትና ልብን ስለሚገዙት ነርቮች

ልባችን ቀንና ሌሊት ሳያርፍ እንደሚመታ የማያውቅ የለም። ነገር ግን በማን ትእዛዝ እንደሚፈጥንና በማን ትእዛዝ እንደሚዘገይ ጠይቆ የተረዳ ሰው ጥቂት ነው። ይህም ነገር ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም፤ በቤታችን አንድ ሽማግሌ ሌሊት ከአልጋው ሲነሣ አዙሮት ቢወድቅ፥ ወይም አንዲት ልጅ በሰልፍ ቆማ ሳለች ፊትዋ ገርጥቶ ብትዘረር፥ በዚያች ደቂቃ ከአጠገብ የሚገኘው ሐኪም ሳይሆን ቤተ ሰብ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ294 ዓመት ገደማ በሶርያ ነግሦ የነበረው ሴሌውቆስ፥ አንጥያኮስ የሚባል ልጅ ነበረው። ይህ ልዑል ምክንያቱ በማይታወቅ ሕመም ተይዞ ምግብ እየተወ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሄደ። ኤራሲስትራቶስ የሚባለው ሐኪም ሕመሙ ከሐሳብ የመጣ መሆኑን ስለ ጠረጠረ፥ በልዑሉ ክፍል ተቀምጦ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሰዎች፥ በዚያውም ጊዜ የልዑሉን ሁኔታ ይመለከት ጀመር። ሌሎች ሰዎች ሲገቡ የሚለወጥ ነገር የለም። ወጣቲቱ ንግሥት ስትራቶኒቄ፥ ይኸውም የልዑሉ እንጀራ እናት፥ በገባች ጊዜ ግን ድምፁ ይታሰራል፤ ፊቱ ይቀላል፤ በላብ ይጠመቃል፤ የልቡም ምት ሥርዐቱን ለቆ ይደልቃል። ሐኪሙም ይህን ለንጉሡ በግልጥ መናገር ስላስፈራው፥ በዘዴ ልዑሉ የወደደው የሐኪሙን የራሱን ሚስት እንደ ሆነ አድርጎ ነገረው። ንጉሡ ሚስቱን ለልጁ ይለቅለት ዘንድ ሐኪሙን ይለምነው ጀመር። ሐኪሙ የወደደው የንጉሡን ሚስት ቢሆንስ ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ንጉሡ እርስዋን ብቻ ሳይሆን መንግሥቱንም እንደሚሰጥ ተናገረ፤ እውነቱ ከተገለጠለትም በኋላ ቃሉን ጠብቆ ስትራቶኒቄን ለልጁ ዳረለት። ታሪኩን የጻፈልን ፕሉታርክ ነው። ንጉሡ ያደረገውን አንባቢው እንደ ወደደ ይፍረደው፤ እኛ የምንመለከተው ግን አንድ ነገር ነው፤ አፍ የሸሸገውን የደም ሥር ገለጠው።

በአማርኛችንም የዚህ ምልክት ብዙ ነው። የፈራውን ልቡ ራደ፥ ደፋሩን ልበ ሙሉ፥ ርኅራኄ የሌለውን ልበ ደንዳና፥ የረሳውን ልቡ ጠፋ እንላለን። የጥንት ሰዎች የሐሳብ ማደሪያ ልብ ነው ማለታቸው እንዲያው በከንቱ አልነበረም፤ ሐሳብ በተለወጠ ቍጥር ልብ ሲለወጥ ስለሚሰማ ነው። የዛሬ ሐኪሞች ደግሞ ሐሳቡ በአንጎል ተፈጥሮ ትእዛዙ በነርቭ ወደ ልብ እንደሚወርድ ያስረዳሉ። ነርቭ ማለት ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወጥቶ በመላው አካል የተዘረጋ፥ እንደ ቴሌግራፍ ሽቦ መልእክት የሚያመላልስ ቀጭን ክር ነው።

ይሁን እንጂ ልብ ለመምታት የነርቭ ፈቃድ አያስፈልገውም። በበዓል ቀን በሬ ሲታረድ ያየ ሰው፥ ልቡ ከደረቱ ከወጣ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ተመልክቶ ይሆናል። ጋሌኖስ የተባለው የጥንት ሐኪም ይህንኑ በሁለተኛው መቶ ዓመት ጽፎታል። ምክንያቱ ግን እስከ 1907 ድረስ በግልጥ አልታወቀም ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ማርቲን ፍላክ የሚባል የሕክምና ተማሪ ከመምህሩ ከአርተር ኪዝ ጋር ሆኖ የእንስሶችን ልብ እየቈረጠ ሲመረምር፥ በፍልፈል ልብ ውስጥ በቀኙ የላይኛው ክፍል ከሌላው ሥጋ የተለየች አንዲት ቋጠሮ አገኘ። በሰው ልብ ይህች ቋጠሮ ርዝመትዋ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከእርስዋ በየጊዜው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣል፤ እርሱም በልቡ ሁሉ ሲሰራጭ ጡንቻው ይኰማተራል፤ ደሙም ይገፋል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል፤ በየደቂቃውም 5 ሊትር ያህል ደም ያመላልሳል።

ቋጠሮዪቱ ያለ አዛዥ ብትተው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ትመታለች። ይህም በሰው ላይ በግልጥ የሚታየው የሌላ ሰው ልብ በተዛወረላቸው ሰዎች ነው። ሐኪሙ ክርስቲያን ባርናርድ በ1967 ታኅሣሥ 3 ቀን በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል የመጀመሪያውን የሰው ልብ ሲያዛውር፥ የደም ሥሮችን ሰፍቶ አገናኘ፤ ነርቮች ግን ተቈርጠው ቀሩ፤ እነርሱን የሚሰፋ ጥበብ አልነበረምና። ሉዊስ ዋሽካንስኪ የተባለው በሽተኛ በአዲሱ ልብ 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ልብ ይዘው ብዙ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ልባቸውም ተኝተው ሳሉ እንኳ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ይመታል። ደረጃ ሲወጡ ወዲያው አይፈጥንም፤ ከዕጢ የወጣው አድሬናሊን በደም ተጕዞ እስኪደርስለት ድረስ ዘግየት ብሎ ይፈጥናል፤ ካረፉም በኋላ ቶሎ አይመለስም። በአንዳንዶቹ ላይ ከዓመታት በኋላ ነርቮቹ በከፊል አድገው እንደ ገና ከልቡ ጋር ይገናኛሉ።

እንግዲህ የጤነኛ ሰው ልብ ባረፈ ጊዜ በ70 ገደማ የሚሄደው ልጓም ስላለበት ነው። ነገሩን በበቅሎ ብንመስለው የተሻለ ይገለጣል። በቅሎዋ በገዛ እግርዋ ትሄዳለች፤ ተቀማጩ ግን በአንድ እጁ ልጓም፥ በሁለተኛው እጁ አለንጋ ይዟል። ልጓሙ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ዐሥረኛው ሲሆን፥ ስሙ በላቲን ቋንቋ ዘዋሪ ማለት ነው፤ ከራስ ቅል ሥር ወጥቶ በአንገት ከትልቁ የደም ሥር አጠገብ ይወርዳል፤ ልብንና ሳንባን ዳስሶ እስከ ጨጓራና እስከ አንጀት ይዘልቃልና። አለንጋው ደግሞ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ወገን ነው፤ ወደ ልብ የሚመጡት ክሮች ከኅብለ ሰረሰር የደረት ክፍል ይነሣሉ።

በ1845 ወንድማማቾቹ ኤርንስት ሃይንሪክ ቬበርና ኤድዋርድ ቬበር ቫገስን በኤሌክትሪክ ቢነኩት ልቡ ዘገየ፤ አብዝተው ቢነኩትም ጨርሶ ቆመ። የዘመኑ ሊቃውንት በዚህ እጅግ ተደነቁ፤ እስከዚያ ድረስ ነርቭ ሲነካ ያስነሣል እንጂ ያቆማል ብሎ ያሰበ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ በ1860ዎቹ ዓመታት የአለንጋዎቹ ነርቮች ሥራ ታወቀ። የሁለቱ ጠባይ የተለያየ መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል፤ ልጓሙ በተሳበ ጊዜ የሚቀጥለው ምት ወዲያው ይዘገያል፤ አለንጋው ግን ሥራውን ለመጀመር ጥቂት ሰኮንዶች ይፈጅበታል፤ ከጀመረም በኋላ ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ሩጫ ሲጀምር በመጀመሪያ የሚሆነው የልጓሙ መላላት ነው፤ አለንጋው በኋላ ይደርሳል። ከድንጋጤም በኋላ፥ ያስደነገጠው ነገር ሐሰት መሆኑ ታውቆ ሁሉ ሰው ሲስቅ፥ ልባችን ገና ሲደልቅ የሚቆየው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ነርቩ ልብን የሚያዝዘው በምን ቋንቋ ነው? ይህ ጥያቄ የተመለሰበት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። በኦስትርያ አገር በግራትስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኦቶ ሎዊ፥ ነርቭ መልእክቱን በአንድ ዐይነት ቅመም አማካይነት ያደርስ ይሆናል ብሎ ብዙ ዓመት ያስብ ነበር፤ የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን አልተገለጠለትም። አንድ ሌሊት በሕልሙ ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ አየ፤ ነቅቶም በቍራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ጧት ወረቀቱን ቢመለከት ጽሕፈቱ አልነበብ አለው፤ ያየውንም ፈጽሞ ረሳው። ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ዋለ። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ተመልሶ መጣለት፤ በዚህ ጊዜ ግን ለወረቀት አደራ ሳይሰጥ ሌሊቱን ተነሥቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደ። ብዙ ጊዜ በጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው የራሱን ፈጣን ጽሕፈት ማንበብ ሲያቅተው ምን ያህል እንደሚያስቈጣ ያውቀዋል።

ሁለት የእንቍራሪት ልቦች በጨው ውሃ ውስጥ አኖረ። የመጀመሪያው ነርቩ ያልተቈረጠ፥ ሁለተኛው ነርቭ የሌለው ነበረ። የመጀመሪያውን ቫገስ በኤሌክትሪክ ቢነካው ልቡ ዘገየ። ከዚያ በዙሪያው የነበረውን ውሃ ቀድቶ በሁለተኛው ልብ ላይ ቢያፈስሰው፥ ማንም ነርቭ ሳይነካው ያ ልብ ደግሞ ዘገየ። የሚያፈጥነውን ነርቭ ነክቶ እንዲሁ ቢያደርግ ሁለተኛው ልብ ፈጠነ። በዚህም ነርቭ ከጫፉ ቅመም እንደሚያፈስስና ልብም ያን ቅመም እንደሚሰማ ታወቀ። ሎዊ ይህን በ1921 አሳተመ። የሚያዘገየው ቅመም አሴቲልኮሊን የሚባለው ነው፤ በሰው ላይ የሚያፈጥነው ደግሞ ኖርአድሬናሊን ነው፤ የአድሬናሊን ወንድም እንበለው። በ1936 ከእንግሊዛዊው ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትርያን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ አሰሩት፤ ከአገር እንዲወጣ የፈቀዱለትም የሽልማቱን ገንዘብ ከስቶክሆልም ባንክ ወደ እነርሱ ባንክ እንዲያዛውር አስገድደው ነው። በ1961 በኒው ዮርክ ሞተ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ልጓሙና ስለ አለንጋው ተናገርን፤ ተቀማጩ ግን መንገዱን የሚያየው በምንድን ነው? ሪፍሌክስ የሚባለው ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት እጅዋ የጋለውን ምጣድ ቢነካ፥ ተቃጠልሁ ብላ ሳታስብ እጅዋ ይሸሻል። ይህን የመሰለ ሳይታሰብና ሳይፈቀድ የሚመለስ መልስ ሪፍሌክስ ይባላል። ልብም በእንዲህ ያለ መልስ ይገዛል። በአንገት ግራና ቀኝ፥ ከመንጋጋ ማዕዘን በታች፥ ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ፥ እንዲሁም ከልብ በሚወጣው በዋናው የደም ሥር ቅስት ላይ፥ የደሙን ግፊት የሚጠብቁ ዘቦች አሉ። ግፊቱ ከፍ ሲል የሥሩ ግድግዳ ይለጠጣል፤ ዘቦቹም በየምቱ ወደ አንጎል ግንድ መልእክት ይሰድዳሉ። በዚያ ያለው ዳኛ ነገሩን መርምሮ ግፊቱ በዝቶ ከሆነ ልጓሙን ይስባል፥ የደም ሥሮችንም ያሰፋል፤ ግፊቱ አንሶ ከሆነ ልጓሙን ያላላል፥ አለንጋውንም ያነሣል። በዓለም ላይ እንዲህ የፈጠነ ችሎት የለም፤ አቤቱታው ቀርቦ ፍርዱ እስኪፈጸም ከአንድ እስከ ሁለት ምት ብቻ ነው። የአንገቱን ዘቦች ሥራ በ1920ዎቹ ዓመታት ያስረዳው ሃይንሪክ ኤቫልድ ሄሪንግ ነው፤ የቤልጅጉ ኮርኔይ ሄይማንስም ከእነዚህ አጠገብ በደም ውስጥ ያለውን የአየር መጠን የሚቀምሱ ሌሎች ዘቦች እንዳሉ አስረድቶ የ1938ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከቈላ ወደ ደጋ የወጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹና ልቡ የሚፈጥነው በአብዛኛው እነዚህ የአየር ዘቦች ስለሚጮኹ ነው።

ይህ ችሎት በየቀኑ የሚፈተነው ከአልጋ ስንነሣ ነው። የተኛ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ በአንገት ያለውም ግፊት ይቀንሳል፤ ዘቦቹም ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ራሱ መልእክት ነውና። ወዲያው ልቡ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ይጨምራል፤ የእግር የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ደሙም ወደ አንጎል ይደርሳል። በወጣት ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ያልፋል። በሽማግሌ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ስለሚደድር ዘቦቹ በደንብ አይሰሙም፤ ትእዛዙም ይዘገያል። የስኳር ሕመም ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው ነርቮቹ ራሳቸው ይጐዳሉ። ለደም ግፊት ወይም ለሽንት የሚሰጡ መድኃኒቶችም ነገሩን ያከብዱታል። አረጋውያን ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው የዳሌ አጥንት የሚሰበሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከእንቅልፍ ሲነሡ አስቀድመው በአልጋው ጠርዝ እግራቸውን አውርደው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ባታቸውንም ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ አንድ ነገር ይዘው ይቁሙ። ከአልጋው አጠገብ መብራትና ምርኩዝ ማኖር ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

የአንገቱን ዘቦች በማይገባ ነገር ማታለል ይቻላል። የሸሚዙን አንገት አጥብቆ ቈልፎ ክራቫት ያሰረ አንድ አረጋዊ ሹም አንገቱን በድንገት ወደ ጐን ሲያዞር ቢያዞረው፥ የጠበቀው ልብስ ዘቦቹን ተጭኖ ግፊት በዛ የሚል ሐሰተኛ ወሬ አስነግሮ፥ ዳኛውም ልጓሙን ስቦ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ያለ ልክ የፈጠነን ልብ ለማብረድ ይህን ስፍራ በጥንቃቄ የሚጫኑበት ጊዜ አለ። በቤት ግን ማንም አይሞክረው፤ ይልቁንም በሽማግሌ ላይ በደም ሥሩ ውስጥ የረጋውን ነገር ፈንቅሎ ወደ አንጎል ሊሰድደው ይችላልና።

ከሁሉ ይልቅ በቤተ ሰብ ዘንድ ሁከት የሚያነሣው ግን ራስን መሳት ነው። በበዓል ሰልፍ፥ በቀብር፥ በጾም ወራት በረጅም ቅዳሴ፥ ወይም በሙቀት በተጨናነቀ አዳራሽ ለብዙ ሰዓት የቆመ ሰው፥ ደሙ በእግሩ ተጠራቅሞ ይቆያል። በሚራመድ ሰው የባት ጡንቻ በየእርምጃው ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ይሰድዳል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ግን ይህን ረዳት ያጣል። ሆዱ ባዶ ከሆነ፥ ውሃም ካልጠጣ ይልቅ ይብሳል። ልብ በመጀመሪያ በመፍጠን ይታገላል። ከዚያ በኋላ ገና ምክንያቱ በሙሉ ባልተብራራ ሁኔታ ነገሩ ይገለበጣል፤ አለንጋው ይጣላል፥ ልጓሙ በኀይል ይሳባል፥ የደም ሥሮችም ይሰፋሉ። ደም ያየ ወይም መርፌ ሲወጋ የተመለከተ ሰው ተቀምጦም ቢሆን ይህ ሊደርስበት ይችላል። አስቀድሞ ያዛጋዋል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ማቅለሽለሽ ይመጣበታል፤ ዐይኑ ብዥ ይልና ይወድቃል።

እንግዲህ መውደቁ ራሱ መድኃኒቱ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የተጋደመ ሰው ልቡና አንጎሉ በአንድ ደረጃ ስለሚሆኑ ደሙ ያለ ድካም ይደርሳል፤ አብዛኛውም ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት ይነቃል። በአገራችን የተለመደው ግን ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ብብቱን ይዞ ማቆም፥ በዙሪያው መታፈግ፥ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፥ አንዳንዱም መንፈስ ያዘው ብሎ መጮኽ ነው። ራሱን የሳተውን ሰው ደግፎ ማቆም ወይም ወንበር ላይ ማስቀመጥ አንጎሉን ደም መከልከል ነው፤ እንዲያውም ተደግፎ በቆመበት ሰውነቱ እንደሚጥል በሽታ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ነገሩም ሕይወትን እስከማስጋት ይደርሳል። የሚገባው እንዲህ ነው፤ በጀርባው አጋድሞ እግሩን በሣጥን ወይም በትራስ ከፍ ማድረግ፥ መቀነቱንና የአንገቱን ልብስ ማላላት፥ ሰውን ማራቅ፤ ቢያስታውከው ወደ ጐን ማዞር፤ በደንብ ሳይነቃ ውሃ በአፉ አለመጨመር፤ ከነቃም በኋላ ጥቂት ሳይቆይ አለማስነሣት። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጐንዋ ትጋደም። ዐይኑ መጨለም ሲጀምር የተሰማው ሰው ደግሞ ማፈር ሳይገባው ወዲያው ይቀመጥ፤ ለመቀመጥ ካልተመቸው እግሮቹን አቋልፎ ጭኑንና ባቱን ያጥብቅ፥ ጣቶቹንም ጨብጦ ይሳብ፤ ይህ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። በማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንት በመቋሚያ እየተደገፉ እግር ሲለዋውጡና ሲወዛወዙ ማየት የተለመደ ነው፤ ከጠቢብ ሐኪም ቢማከሩም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይነግራቸውም።

ራስን መሳት ሁሉ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሩጫ ወይም በሥራ መካከል የወደቀ፥ ተኝቶ ሳለ የደረሰበት፥ ምንም ምልክት ሳይቀድመው እንደ ተቈረጠ ዛፍ የተዘረረ፥ ደረቱን ያመመው፥ ወይም ከዘመዶቹ መካከል በወጣትነት ድንገት የሞተ ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ትንፋሽም በልብ ላይ ሥልጣን አለው። ሰው ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ልጓሙ ጥቂት ይላላል፤ ወደ ውጭ ሲተነፍስ ይሳባል። ካርል ሉድቪግ የተባለው ጀርመናዊ በ1847 ይህን በመሣሪያ ጽፎ አሳይቷል። በልጆችና በወጣቶች ላይ በእጅም ይታወቃል፤ እናት የልጅዋን የደም ሥር ይዛ አንድ ጊዜ ሲፈጥን አንድ ጊዜ ሲዘገይ ብታገኘው፥ ለውጡም ከትንፋሹ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ፥ ይህ የጤና ምልክት ነው። የተቈጣ ወይም የፈራ ሰው በዝግታ ተንፍሶ፥ ይልቁንም ወደ ውጭ የሚያወጣውን ትንፋሽ አርዝሞ፥ ልቡን ማብረድ የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው። ከእኛ ፈቃድ በታች ካልሆነው ልብ ዘንድ የምንገባበት በር ይህ አንዱ ነው።

ደግሞ በፍርድ አደባባይ የሚውሉ አንባቢዎቻችን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የኤራሲስትራቶስን ታሪክ የሚመስል ሐሳብ በ1921 በአሜሪካ በካሊፎርንያ በበርክሊ ከተማ ተነሣ፤ ጆን ላርሰን የተባለ ፖሊስ የተጠርጣሪውን የደም ግፊት፥ የልብ ምትና ትንፋሽ ባንድነት የሚጽፍ መኪና ሠርቶ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው እለያለሁ አለ። በዋሺንግተን ደግሞ ዊልያም ማርስተን በደም ግፊት ብቻ እንዲህ ያለ ፈተና ያደርግ ነበር፤ በነፍስ ግድያ የተከሰሰው ጄምስ ፍራይም በዚህ ፈተና ንጽሕናውን ለማስረዳት ጠየቀ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1923 ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ ገና የተረጋገጠ አይደለም ብሎ አልቀበልም አለ። እኛም ፍርዱ የቀና ይመስለናል። አለንጋው የሚነሣው ሰው ስለ ዋሸ ብቻ አይደለም፤ በቍጣ፥ በኀፍረት፥ በፍርሃትም ይነሣል። ዳኛ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ንጹሕ ሰው እንደ ከበሮ ሲደልቅበት፥ መዋሸት የለመደው ግን ልቡ በዝግታ ሊሄድ ይችላል። ኤራሲስትራቶስም ቢሆን ልዑሉ እንደ ተረበሸ ከደም ሥሩ አወቀ እንጂ፥ ምክንያቱን ያገኘው ማን ሲገባ እንደሚረበሽ በመመልከት ነው። በ2003 የአሜሪካ የሳይንስ ምክር ቤት ጕዳዩን መርምሮ የመኪናው ማስረጃ ደካማ መሆኑን አስታውቋል።

በደጃችን ስለሚበቅል አንድ አደገኛ ተክልም ማስጠንቀቅ ይገባናል። አጠፋሪስ የሚባለው፥ በመንገድ ዳርና በቈሻሻ ስፍራ የሚበቅለው፥ አበባው እንደ መለከት የረዘመው፥ ፍሬው እሾኻም የሆነው ተክል በውስጡ አትሮፒንና ይህን የመሰሉ ቅመሞች አሉበት። አትሮፒን አሴቲልኮሊን ወደ ልብ እንዳይሰማ ይዘጋል፤ ይኸውም ልጓሙን እንደ መበጠስ ነው። ፍሬውን የበላ ልጅ ልቡ ይሸመጥጣል፤ አፉ ይደርቃል፤ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ቈዳው ቀልቶ ያተኵሳል፤ ይቃዣል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንጂ በቤት መድኃኒት መዘግየት አይገባም። ይኸው አትሮፒን በሐኪም እጅ ተመጥኖ ሲሰጥ እጅግ የዘገየን ልብ ከሞት ያድናል።

የልብን ምት መቍጠር ለሚወድ፥ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ሁለት ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ሥር በእጁ አንጓ ላይ ያኑር፤ በአውራ ጣት ግን አይያዝ፤ የራሷ ምት አላትና ታሳስታለች። ሙሉ ደቂቃ ይቍጠር። ባረፈ ጐልማሳ ከ60 እስከ 100 ልከኛ ነው፤ በሕፃን ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ትኵሳት ሲኖርም ይጨምራል። ሩጫ የለመዱ ሰዎች ከ50 በታች ቢገኝባቸው፥ ጤናቸውም ደኅና ከሆነ፥ አያስፈራም። ይህ ዝግታ ከልጓሙ ብርታት ብቻ የመጣ ነው ሲባል ኖሯል፤ በ2014 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ቋጠሮዪቱ ራስዋ በሥልጠና እንደምትለወጥ ስላሳየ ነገሩ ገና ክርክር አለበት። ሳይሮጥ የዘገየና የሚያዞረው፥ ወይም ምቱ ያለ ምንም ሥርዐት የተዘበራረቀ ሰው ግን ይመርመር፤ የተዘበራረቀ ምት በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ አድርጎ አንጎልን ሊጐዳ ይችላልና።

በመጨረሻ ጄምስ ብላክ የተባለው ሐኪም በ1960ዎቹ ዓመታት ስላስገኘው መድኃኒት እናንሣ፤ ለዚህም ሥራ በ1988 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ጋር ተካፍሏል። ቤታ ብሎከር ይባላል፤ ሥራውም ልብ የአለንጋውን ድምፅ እንዳይሰማ ጆሮውን መድፈን ነው። ለልብ ሕመምና ለደም ግፊት ይህን የሚወስድ ሰው ዳገት ቢወጣም ልቡ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም፤ በዚህ አይደንግጥ። ነገር ግን ተሽሎኛል ብሎ በገዛ ፈቃዱ ድንገት አያቋርጥ፤ ጆሮው ለብዙ ጊዜ ተደፍኖ የቆየ ልብ በተከፈተለት ቀን ትንሹን የአለንጋ ድምፅ እንኳ እንደ ነጐድጓድ ይሰማዋልና፥ ማቋረጥ የሚያስፈልግ ቢሆን ሐኪሙ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ያስተወዋል።